ሳይጠየቁ ስለ ተፈወሱ ሕሙማን

ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ ከዓይንዎ ሲደርስ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ የምግብ ፍላጎትዎም የተስተካከለ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ምኞቴ የደብዳቤ ወግ ለማድረስ ያህል የተጻፈ እንዳይመስልዎ። ሰው ታሞ እርስዎ በሚመሩት ሆስፒታል ሲተኛ ምን እንደሚገጥመው ሰሞኑን በቅርብ ስላየሁ፣ የክቡርነትዎን ጤና በጸሎቴ ማሰብን እንደ ዜግነት ግዴታ ይዤዋለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ዕድሜዬን ሰዋስው ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ በሐሞት ጠጠር ታማ፣ በሁለተኛው ፎቅ በሴቶች ክፍል ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ተኝታለች፤ የፊታችን ሰኞ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል። ይህን የምጽፈው ከራስጌዋ ባለችው በርጩማ ላይ ሆኜ ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር እጽፍና እነሣለሁ፣ በኮሪደሩ ተመላልሼ እመጣና ሌላ እጨምራለሁ፤ መቀመጥ ስላቃተኝ የአጻጻፌ ስልት ቢቆራረጥ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጉዳዩን በጋዜጣ ያወጣሁትም ክቡርነትዎን ለማሳጣት አስቤ አይደለም። ጸሐፊዎ በሄድሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች በትሕትና ስለ መለሰችኝ፣ ጋዜጣ ግን በስብሰባ መካከልም ይነበባል ብዬ ስለ ገመትሁ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን ደስ አለዎ። በዋናው በር ላይ «የሕሙማን መረጃችን መቶ በመቶ የተሟላ ነው» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሎ፣ ከጎኑም ክቡርነትዎ የመረጃ ጥራት ዋንጫውን አቅፈው ፈገግ ያሉበት ፎቶግራፍ ተለጥፎ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቴን ደግፌ በዚያ ጨርቅ ሥር ሳልፍ፣ መዝገቡን እንዲህ የሚጠነቀቅ ቤት ሰውን እንዴት አይጠነቀቅ ብዬ ልቤ ረግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልቤ አልረጋም። ምክንያቱን በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ፤ ቁጥር መውደድዎን ዋንጫው መስክሯልና።

አንደኛ። ባለቤቴን ስለ ፈወሱልኝ አመሰግናለሁ።

ከሐሞት ጠጠሩ ማለቴ አይደለም፤ እሱ እንዳለ ነው። የፈወሷት ከፔኒሲሊን ነው። ባለቤቴ በወጣትነቷ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ ይህን መርፌ ተወግታ፣ ገና ከወንበሩ ሳትነሣ ከንፈሯ ሲያብጥ፣ ዓይኗ ሲከደን፣ ጉሮሮዋ ጠብቦ ትንፋሿ ሲያፏጭ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ድረስ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ባፏጨ ቁጥር ከተቀመጥሁበት ያስነሣኛል። በእግዚአብሔር ቸርነትና በአንድ ሐኪም ፍጥነት ተረፈች። ኋላም በዚሁ በእርስዎ ሆስፒታል ካርድ ስታወጣ፣ የዚያን ጊዜው ሐኪም በካርዷ ሽፋን ላይ በቀይ ቀለም «ፔኒሲሊን ፈጽሞ እንዳይሰጣት» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ደጋግሞ አሰመረበት። ለብዙ ዘመን ካርዷን ያነሣ ሁሉ ያን ቀይ ጽሑፍ ሳያይ ሊገልጠው አይችልም ነበር።

ዘንድሮ ስትተኛ በእጇ ባሰሩላት የፕላስቲክ አምባር ላይ ግን፣ ከስሟና ከዕድሜዋ ቀጥሎ፣ እጅግ በጠራ ፊደል «አለርጂ፦ የለም» ተብሎ ታትሟል። ለነርሷ ባሳየኋት ጊዜ፣ ሥራ በዝቶባት ትጣደፍ የነበረችው ልጅ «አባባ፣ ኮምፒዩተሩ የለም ነው የሚለው፤ እኛ ደግሞ የምናየው እሱን ነው» ብላኝ አለፈች። ባለቤቴም ከትራሷ ቀና ሳትል «ተወው እባክህ፤ ምናልባት ድኜ ይሆናል፣ ለእኔ መንገር ረስተውት ነው» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ በዋዜማው ተሰፍታ የነበረችው የጎን አልጋ ጎረቤቷ እንኳ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ «እቴ በሞቴ አታስቂኝ፣ ስፌቴ ይፈታል» እያለች ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሰው ሳያስበው ቢሳሳት ይቅር እለዋለሁ፤ ይህን ያህል የጠራ ፊደል ያለው ስሕተት ግን በጉዞው ብዙ ሰው እንደ ረዳው ስለ ጠረጠርሁ፣ መነሻውን ልፈልግ ወደ ታች ወረድሁ።

ሁለተኛ። ተአምሩ እንዴት እንደ ተፈጸመ ስላስረዱኝ ሠራተኞችዎን አመሰግናለሁ።

በካርድ ክፍል ያለችው ሴት፣ አነጋገሬን ሰምታ መምህር መሆኔን ስለ ገመተች፣ «የኔታ» እያለች ወንበር ሰጥታኝ ሁሉንም አጫወተችኝ። ካርዶቹ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጡ፣ ጸሐፊዎቹ ከውስጥ ገጽ ያለውን ብቻ እንዲያስገቡ ታዘው ነበር፤ የሽፋኑን የሚጠይቅ ስላልነበረ ያ ቀይ ጽሑፍ ከሽፋኑ ጋር ቀረ። በውስጥ ገጽ ላይ ደግሞ የአለርጂው ቦታ በአብዛኛው ባዶ ነበር፤ ሐኪሞቹ ቶሎ እንዲታይ ብለው የሚጽፉት በሽፋኑ ላይ ነበርና። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ያን ቦታ ባዶ አድርጎ ያዘው፤ ባዶ መሆኑንም በቀይ እያበራ አሳየ። ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ በቤትዎ ከሁሉ ይልቅ እውነተኛ የነበረው ያ ማሽን ነው፤ አልተነገረኝም አለ እንጂ አልዋሸም።

ከዚያ የሆስፒታሎች የመረጃ ጥራት ውድድር መጣ፤ በመዝገቡ ባዶ ቦታ የሌለበት ሆስፒታል ዋንጫ ይወስዳል ተባለ። የመረጃ ጥራት ክፍል ኃላፊዎም፣ ሠራተኞቹ ከአክብሮት ይሁን ከሌላ ነገር ባይገባኝም «ምሉዕ በኩልሄ» የሚሏቸው ሰው፣ ሕሙማኑን አንድ በአንድ ጠርቶ መጠየቅ ጊዜ እንደሚፈጅ አይተው፣ ያልተሞላው ሁሉ በአንድ ጊዜ «የለም» ተብሎ እንዲሞላ አዘዙ። ከምሳ መልስ በአንድ ጠቅታ ተሞላ። «የኔታ፣ ቀዩ ሁሉ ባንዴ አረንጓዴ ሲሆን እኮ አጨበጨብን» አለችኝ ሴትየዋ፤ ቀጥላም «እኔም አጨብጭቤያለሁ» አለችና ወረቀቶቿን ማደራጀት ያዘች።

ቅዱሳን በጾምና በጸሎት በሽተኛውን እየዳሰሱ አንድ በአንድ የፈወሱትን፣ መሥሪያ ቤትዎ ሕሙማኑን ሳይጠራና ሳይጠይቅ፣ ቁርጠት፣ ማሳከክና የጉሮሮ መዘጋት ያለበትን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈወሰ። እንዲህ ያለ ጸጋ ለተሰጠው ቤት ዋንጫ ሲያንስ ነው።

የካርዱን ሽፋን ፍለጋ ደረጃው ሥር ወዳለው ማከማቻ ወርጄም ነበር። ኮምፒዩተር ከመጣ ካርቶን ምን ይሠራል ተብሎ የካርዶቹ ሽፋኖች ሁሉ ቦታ ለማስለቀቅ እንደ ተወገዱ የጥበቃው ሠራተኛ ነገረኝ። ማከማቻው በእርግጥም ንጹሕ ነው፤ ስለ ንጽሕናውም እግረ መንገዴን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ። እርማት ስለ ተከለከልሁበት ጨዋነት አመሰግናለሁ።

ምሉዕ በኩልሄ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ለመመስከር ግዴታ አለብኝ። ተነሥተው ተቀበሉኝ፣ የሚጠጣ ውሃ አስመጡልኝ፣ የባለቤቴን መዝገብ በፊቴ ከፍተው አብረን አየነው። «አባቴ፣ ይህ እኮ ጥራቱ ተረጋግጦ የተዘጋ መዝገብ ነው» አሉኝ። ከተዘጋ በኋላ የሚነካ ቃል ሁሉ በሪፖርቱ ላይ «ስሕተት» ተብሎ እንደሚቈጠር፣ ገምጋሚዎቹ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ ስለሚመጡ በዚህ ሰሞን አንድም ስሕተት እንዲታይ እንደማይፈለግ፣ እነርሱ ከሄዱ በኋላ ግን በደስታ እንደሚያርሙልኝ በዝርዝር አስረዱኝ። ሰኞ ከሳምንቱ አጋማሽ እንደሚቀድም ባስታወስኋቸው ጊዜ፣ እውነት ለመናገር፣ ፊታቸው ላይ ሐዘን አየሁ።

እኔ እንዲህ ያለውን ትምህርት ከመምህሮቼ አልሰማሁም። ስሕተት ሳይነካ ሲቀመጥ ጥራት፣ ሲታረም ግን ስሕተት ተብሎ የሚቈጠርበት ሒሳብ በየትኛው ቤት እንደሚሰጥ ቢነግሩኝ፣ በዚህ ዕድሜዬም ቢሆን ተመዝግቤ እማር ነበር።

ኃላፊው አዝነው ዝም አላሉም፤ መርፌውን ከወጋት ክሊኒክ የጽሑፍ ማስረጃ ካመጣሁ ለበላይ አካል ሊያቀርቡልኝ እንደሚሞክሩ ቃል ገቡ። ክሊኒኩ ፈርሶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ይህን ነግሬ፣ «የለም» ተብሎ ሲጻፍስ ማስረጃው ከየት መጣ ብዬ በትሕትና ብጠይቃቸው፣ ስክሪኑን በጣታቸው እያሳዩ «እሱ እኮ ሲስተሙ የሞላው ነው» አሉኝ። ስለዚህ የተረዳሁት ይህ ነው፤ በክቡርነትዎ ቤት «የለም» ለማለት ምስክር አያስፈልግም፤ «አለ» ለማለት ግን የፈረሰ ክሊኒክ ከነሐኪሙ መነሣት አለበት።

አራተኛ። አሁን ምስጋናዬን ላቁምና የሚያስጨንቀኝን ልናገር።

ትናንት ረፋዱ ላይ ተረኛዋ ነርስ በሳሕን መርፌ ይዛ መጣች። ባለቤቴ እንደ ልማዷ «ልጄ፣ ስሙ ማነው?» አለቻት። ልጅቷ የራሷን ስም መስሏት ነገረቻት። ባለቤቴ «ተባረኪ፤ የአንቺንስ ወደድሁት፣ የመርፌውን ንገሪኝ» ስትላት ጊዜ ተነበበ፤ የፔኒሲሊን ዘር ነበር። ልጅቷ ሳሕኑን ይዛ ተመለሰች፤ ምንም አላጠፋችም፤ ኮምፒዩተሩ ያዘዛትን ነው ያመጣችው። በአምባሩ ላይ ያለው ቃል ግን ከዚያም በኋላ አልተነካም።

ቀዶ ጥገናውን የሚያደርገውን ሐኪም ይዤ ነገርሁት። ቆሞ ሰማኝ፤ ከዚያም «አባቴ፣ እኔስ ሰምቻለሁ፤ ሰኞ ግን ክፍሉ ውስጥ የምገባው እኔ ልሁን ሌላ ሰው አላውቅም፤ መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሁሉ የሚያየው ስክሪኑን ነው፤ እዚያ ላይ ቢስተካከል እኔም በሰላም እተኛ ነበር» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በሆስፒታልዎ «አላውቅም» የሚል ቃል ከሰው አፍ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያ አፍ ሊሳም ይገባዋል።

እንግዲህ ጭንቀቴ ይኸው ነው። ባለቤቴ ነቅታ ሳለች የሚሰጣትን ሁሉ ስሙን እየጠየቀች ራሷን ትጠብቃለች። ሰኞ ሰመመን ከተሰጣት በኋላ ግን የምትጠይቅበት አፍ አይኖራትም፤ እኔም ከበሩ ውጭ እቀራለሁ። ያን ጊዜ ስለ እርሷ የሚናገረው አምባሩ ብቻ ነው፤ አምባሩም ውሸታም ነው።

ሌላ ያገኘሁት መላ ስላልነበረ፣ በቀይ እስክሪብቶ በክንዷ ላይ «ፔኒሲሊን አትስጡኝ» ብዬ ጻፍሁ። እየጻፍሁ ሳለ «ሳታገባኝም ካገባኸኝም በኋላ አንዲት ደብዳቤ ጽፈህልኝ አታውቅም፤ ዛሬ ክንዴ ላይ ጻፍህልኝ» አለችኝ። ጎረቤቷ አንገቷን አስግጋ «ምን ይላል እቴ? የፍቅር ነው?» ብትላት፣ «አዎ፣ እንዳይገድሉብኝ ይላል» ብላ መለሰችላት። የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ ተጣመመብኝ በስፖንጅ አጥፍቼ እንደገና ስጽፈው ደግሞ «ይኸው፣ እሱ ስሕተት አይቶ አያልፍም፤ ይህን ሰውዬ ምናለ ታች ቢቀጥሩት» አለች። ማለዳ ሲያጥቧት ይጠፋል፤ እኔ ተመልሼ እጽፋለሁ። ሰኞ ግን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ከመግባቷ በፊት ገላዋን በመድኃኒት አጥበው፣ ንጹሕ ልብስ አልብሰው እንደሚወስዷት ተነግሮኛል። ከዚያ በኋላ መጻፊያ ቦታም ጊዜም የለኝም። ይህን ደብዳቤ የወለደው እርሱ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በልጅነቴ ከመምህሬ ዘንድ ስማር፣ ያረጁ መጻሕፍትን በእጃችን እንገለብጥ ነበር። አይጥ የበላው ወይም የተቀደደ ቅጠል ሲገጥመን፣ የጎደለውን ያህል ቦታ ባዶ ትተን እንድናልፍ ታዘናል። ከመካከላችን አንዱ፣ እጁ ያማረና ገጹ ጎዶሎ ሲሆን የሚያፍር ተማሪ፣ ባዶውን ከራሱ አንደበት ባወጣው ያማረ ዐረፍተ ነገር ሞልቶ አቀረበ። መምህራችን ፊደሉን አመሰገኑ፤ ጮክ ብሎ እንዲያነበውም አደረጉ። ሲጨርስ «ይህን ማን ነገረህ?» ብለው ጠየቁት። «ባዶውን ብትተወው ኖሮ አንድ ቀን ሌላ ቅጂ ሲገኝ የሚያውቅ ሰው ይሞላው ነበር፤ አንተ ከሞላኸው በኋላ ግን የጎደለ ነገር እንዳለ ማን ይጠረጥራል?» አሉት። አልገረፉትም። ሥራውን ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከዋናው ጋር እንዲያስተያይ አደረጉት፤ አንድ ቦታ ላይ የፈጠረ በሌላውም አይታመንምና።

ከዚህ ተነሥቼ የምለምንዎ ጥቂት ነው። ማንም ሳይጠየቅ የተጻፈው «የለም» ሁሉ ወደ ባዶነቱ ይመለስ፤ ስክሪኑ በቀይ ቢሞላም ይሙላ፤ ያ ቀይ የእውነተኛ ሰው እፍረት ነው፣ አያሳፍርም። ከዚያ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ሲመጣ የማይስማማው መድኃኒት ወይም ምግብ እንዳለ በቃል ይጠየቅ፣ የመለሰውም ማን እንደ ጠየቀው ተጠቅሶ ይጻፍ። ስሕተት አግኝቶ የሚያመጣ ሰውም ዋንጫ ሊሰርቅ እንደ መጣ አይቈጠር፤ ወንበርና ውሃ ከተሰጠው በኋላ እርማቱም ይሰጠው። ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። የባለቤቴ ግን ገና ሰኞ ሳይመጣ፣ አንድ ጠቅታ ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤትዎ በአንድ ጠቅታ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ አስቀድሞ አሳይቶናል።

አምስተኛ።

ይህን ተራ ቁጥር ባዶ የተውሁት ረስቼው አይደለም። ባለቤቴ ሰኞ ከዚያ ክፍል እንዴት ሆና እንደምትወጣ የሚጻፍበት ቦታ ነው፤ እኔም እስከዚያ ድረስ አላውቅም። ደብዳቤዬ በዚህ ምክንያት መቶ በመቶ ሳይሟላ እንደሚደርስዎ ይገባኛል። እባክዎ፣ ከምሳ መልስ ማንም እንዳይሞላው ይዘዙልኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለዋንጫዎ አቧራ የማይደርስበት መደርደሪያን፣ ለሆስፒታልዎም ከመዝገቡ ጋር የሚመሳሰሉ ሕሙማንን እየተመኘሁ፣ በዚህ በርጩማ ላይ ሆኜ ትእዛዝዎን የምጠባበቅ፣

ገና ያልተፈወሰች ሴት ባል፤
ከሴቶች ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ራስጌ።

ድኅረ ጽሑፍ። ዋንጫው በመጣበት ዕለት በአዳራሹ በተደረገው ግብዣ ላይ የቀረበልዎን ኦቾሎኒ ከፊትዎ ገፋ አድርገው፣ «ይህን ውሰዱልኝ፣ አንድ ጊዜ ሊገድለኝ ነበር» ብለው በድምፅ ማጉያው እንደ ቀለዱና ሰው ሁሉ እንደ ሳቀ በካርድ ክፍል ሰምቻለሁ። እርስዎም በዚሁ ሆስፒታል መዝገብ አለዎ፤ እርሱም በዚያው ከሰዓት በኋላ ከተሟሉት አንዱ ነው፤ «አለርጂ፦ የለም» ይላል። ስለዚህ እርማቱ ከማን መዝገብ እንደሚጀመር መወሰን የክቡርነትዎ ፈንታ ነው። ባለቤቴ ግን ሰኞ ቀጠሮ ስላላት፣ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ ተራዎን ቢለቁላት።